አንሶላና ጋቢ አጠባ

አንሶላ ሌሊቱን ሙሉ ከገላ ጋር የሚያድር ጨርቅ ነው። ላብ፣ የሰውነት ቅባትና የሚረግፍ የቆዳ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱን በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይመገቡታል፤ የእነርሱ ኩስ ደግሞ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ፣ ቢዘገይ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለባቸው። ነጭነቱ አልደበዘዘም ተብሎ ወር የሚከርም አንሶላ ንጹሕ አይደለም።

ከሳሙናው ምርጫ በፊት የውሃው ሙቀት መታሰብ አለበት። ደም የነካው አንሶላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ደሙ ክሩ ላይ ይረጋና ለማስለቀቅ እጅግ ያስቸግራል፤ ደም ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ አለበት። የቅቤ ነገር ተቃራኒው ነው። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ያደረች ሴት የትራስ ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታሽ ቢውልም ቅባቱ አይወጣም። ቅቤ በደንብ የሚቀልጠው ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ፣ እድፉን በደረቅ ሳሙና አሽቶ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ይሻላል። የጥጥ አንሶላ 60 ዲግሪ ይችላል፤ የአቧራ ተባዮቹም በዚህ ሙቀት ይሞታሉ። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ለብ ባለ ውሃ ይበቃዋል።

የፋብሪካ ሳሙና ሳይስፋፋ ነጭ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለበሽታው መከላከያ ምርምር መነሻ ሆኗል። ዛሬም በእንዶድ የሚያጥብ ቤት እጣቢውን ወንዝ ውስጥ መድፋት የለበትም፤ ዓሣም ይገድላልና።

በብዙ ቤት የሚጓደለው ግን ማለቅለቁ ነው። አረፋ በበዛ ቁጥር ልብስ የሚጠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና አንሶላውን ያሻክረዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ የሕፃናትንም ቆዳ ያሳክካል። እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት አካባቢ ደረቅ ሳሙና ከኖራው ጋር ተዋህዶ ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል፤ እዚያ የዱቄት ሳሙና የተሻለ ነው። በየትኛውም ውሃ ቢሆን መለቅለቂያው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል።

በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ፣ ያውም በውሃ ቀጥኖ የሚገባ ነገር ነው። ሱፍና ሐር ያበላሻል። ከሁሉ የሚያሰጋው ልጅ የሸናበት አንሶላ ላይ እንዲሁ ሲፈስ ነው፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ሽንቱ አስቀድሞ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ሎሚና ኮምጣጤም ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀሉም።

ጋቢ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አራት ድርብ የሆነው የጥጥ ሸማ ውሃ ሲጠጣ እጅግ ስለሚከብድ፣ በኃይል ከተጠመዘዘ በእጅ የተፈተለው ማግ ይላላል፤ ቅርጹም ይጠፋል። ሰፊ ሳፋ ውስጥ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ተጫን ተጫን አድርጎ ውሃውን ማውጣት ይበጀዋል። ባለ ቀለም ጥለት ካለው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ይታጠባል። እንደ መንዝ ባና ያለ የሱፍ ልብስ ደግሞ ሙቅ ውሃና እሽታ ሲያገኝ ይኮማተራል፤ ዘወትር ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማራገፍ፣ አልፎ አልፎ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል።

በክረምት ዋናው ችግር ማድረቁ ነው። እርጥብ ሆኖ የሚያድር ጋቢ ይሻግታል። ስለዚህ ሰማዩ በጠራበት ጠዋት ማልዶ ማጠብ፣ አየር በመካከል እንዲያልፍም ጋቢውን ተራርቀው በተወጠሩ ሁለት ገመዶች ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ከላይ የደረቀ የሚመስል ጋቢ በድርቦቹ መካከል እርጥበት ሊይዝ ስለሚችል፣ ታጥፎ ሣጥን ከመግባቱ በፊት ጠርዙና መሃሉ በእጅ ተዳብሶ መታየት አለበት።