«ሰውዬው ሄዷል፣ ኑ»

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ወዳጄ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ዓሣ አጥማጅ ሐበሾች የምንገናኝበት ነው አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ መንጠቆ፣ ስለ ትል፣ ስለ ዓሣ ጉላሽ የምናወራ መስሎኝ ነበር። ገብቼ መጀመሪያ ያነበብኩት መልእክት ግን ይኼ ነው፦ «ሰውዬው ሄዷል፣ ኑ።»

ከሥሩ ላይክ በላይክ ነው። አንዱ «እርግጠኛ ነህ? ባለፈው መኪናውን ዛፍ ሥር ደብቆ ነው የጠበቀን» ይላል። ሌላው ይመክራል፦ «ትልልቆቹን ቶሎ ቶሎ መኪና ውስጥ አስገቡ፣ ኩለሩ ውስጥ ትንንሾቹን ብቻ ተዉ።» ምርቃትና ምስጋና ይከተላል።

«ሰውዬው» የተባለው የወንዙ ፖሊስ ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ኩለር አስከፍቶ ዓሣ የሚለካው፣ ቲኬት የሚጽፈው። ዛሬ ስለ እሱና ስለ እኛ ልጽፍ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ። ደግሞ ከላይ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር።

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ሚያዝያ ነው። ከዋሽንግተን ዝቅ ብሎ ፖቶማክ ዳር ብቻዬን ቆሜያለሁ። ፈቃድ የለኝም። ያስፈልጋል ብለው ነግረውኝ ነበር፣ ግን ወንዝ ዳር ለመቆም ፈቃድ? አልኩና ናቅኩት። ድንገት ዘንጌ ጎበጠ። ስንታገል ቆይተን ጎኗ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሏት አንዲት ግዙፍ ዓሣ አወጣሁ። እዚህ ሮክፊሽ ይሏታል፣ ሌላው አካባቢ ስትራይፕድ ባስ። ሆዷ ተነፍቷል። ለምን እንደተነፋ ማወቅ ነበረብኝ፤ ባሕር ዳር ስንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሰዓት ግን የታየኝ ጥብስ ብቻ ነው።

ባልዲው አልበቃት ብሎ ጭራዋ ውጭ ቀርቷል። ከኋላዬ «ሄሎ ሰር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዩኒፎርም የለበሰ፣ የታጠቀ ሰው። ፈቃዴን ጠየቀኝ። ተማሪዎቼ ይቅር በሉኝ፣ «ኖ ኢንግሊሽ» አልኩት።

ሰውዬው አልተቆጣም። ከየት አገር እንደሆንኩ በምልክት ጠየቀኝ፣ «ኢትዮጵያ» አልኩ። ስልኩን አወጣ፣ ጻፈ፣ ስክሪኑን አዞረልኝ። በእኛው ፊደል «እሷ እንቁላል ተሸክሟል» ይላል። ሰዋስው ተበላሽቷል፣ መልእክቱ ግን ደርሷል። ስንት ትውልድ ፊት በጠመኔ የዓሣን የመራባት ዑደት ስስል ለኖርኩት ለእኔ፣ አንድ ፖሊስ በትርጉም ማሽን ባዮሎጂ አስተማረኝ። ቲኬቱን ተቀበልኩ፣ ከፈልኩም። ዓሣዋ ግን ሞታ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ለወራት ሰውዬውን ረገምኩ። ያጽናኑኝ ሰዎች አራት ዓይነት ማጽናኛ ነበራቸው። ዛሬም ግሩፑ ውስጥ የሚዞሩት እነዚያው አራቱ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው «ወንዝ የእግዜር ነው፣ ምን አገባቸው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የእግዜር ነው። ታዲያ የእግዜር የሆነውን ያገኘው ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይውሰድ ያለው ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ይኼን ጥያቄ በመከራ ነው የመለሱት። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሮክፊሽ ከልክ በላይ ተጠመደና ሊያልቅ ደረሰ። ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ጨርሶ ከለከለች። በዚያ ዓሣ ልጆቹን የሚያሳድገውም ባለ ጀልባ፣ ለመዝናናት የሚወጣውም ሀብታም እኩል ተከለከሉ። እስከ 1990 ድረስ አንዲት ሮክፊሽ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም ነበር። በ1995 ዓሣው አገግሟል ተባለ። እኔ ባልዲ ውስጥ የከተትኳት ዓሣ ያቺ ናት፤ ሌሎች ሰዎች አምስት ዓመት ተርበው ያተረፏት። እኔ ደግሞ በእንግድነት መጥቼ «የእግዜር ነው» አልኩ።

ሁለተኛው «አንድ ዓሣ ምን ያመጣል?» ነው። አንዲት ትልቅ እናት ሮክፊሽ ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ትይዛለች። አድገው ለመውለድ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፣ ለዚህ ነው ቁጥሩ የበዛው። ትልቋን ስትወስድ አንድ ዓሣ አይደለም የወሰድከው። በ2024 የወጣው የሜሪላንድ ደንብ በቀን አንድ ብቻ፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነውን ያለው ለዚህ ነው፤ ትንሹ ይደግ፣ ትልቋ ትውለድ። በፀደይ ደግሞ እንቁላል የሚጣልባቸው የወንዙ ክፍሎች ይዘጋሉ። «ትልልቆቹን መኪና ውስጥ ደብቁ» ብሎ የመከረው ወንድማችን የደበቀው እናቶቹን ነው።

ሦስተኛው «እነሱ ለጨዋታ ያጠምዳሉ፣ እኛ ለምግብ» የሚለው ነው። ይኼ ያስቀኛል። ፈረንጁ ዓሣውን ፎቶ አንስቶ ስሞ ሲለቀው አይቼ እኔም ገርሞኛል። ግን ማን ነው አትብላ ያለህ? ስኔክሄድ የሚባል ከእስያ የመጣ ወራሪ ዓሣ ፖቶማክን ሞልቶታል። ብሉ ካትፊሽ፣ የኛ የአምባዛ ዘመድ፣ እሱም ከሌላ ቦታ መጥቶ የወንዙን ዓሣ እየበላ ነው። በሜሪላንድ ለሁለቱም የቁጥርም የመጠንም ገደብ የለም። አውጡልን፣ ብሉልን እያሉ ነው። ስኔክሄዱን በሕይወት አታጓጉዝ እንጂ ኩለርህን ሙላው። ሥጋው ነጭ ነው፣ ለጉላሽም ለጥብስም የሚሆን። የተፈቀደውን ትተን የተከለከለችውን እናት ፍለጋ የምንሄድ ከሆነ ነገሩ ረሃብ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው «ጥቁር ስለሆንን ነው» የሚለው ነው። ይኼን አላሾፍበትም። መሣሪያ የታጠቀ ሰው በጨለማ ከኋላ ሲጠራህ በዚህ አገር ለጥቁር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ልጆቼን ሳሳድግ ተምሬዋለሁ። ያለ ምክንያት የተንገላታ ሰው ካለ ስሙንና ባጁን ይመዝግብ፣ አቤት ይበል፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ነገር ግን ይኼን እውነተኛ ቁስል ለመሸፈኛ አንጠቀምበት። ሜትሩ ቀለም አያይም፤ የእኔ ዓሣ እናት ነበረች፣ ፈቃድም አልነበረኝም። በየጥፋታችን ዘረኝነት ብለን ከጮኽን፣ የእውነቱ በደል በመጣ ቀን የሚሰማን አናገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይኼን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ፖቶማክ አይደለም፣ ጉማራ ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ መስከረም በወረታ መንገድ ጉማራ ድልድይ ድረስ ሄደን ነበር። ቢልጫ ከጣና ወጥቶ እንቁላሉን ንጹሕ ጠጠር ላይ ሊጥል ሽቅብ ሲዋኝ ላሳያችሁ ብዬ ነው የወሰድኳችሁ። በክፍል ነግሬያችኋለሁ፦ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለየው፣ ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከዐሥር በላይ የዚህ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ በኩል ይወጣሉ። እኛ ደርሰን ያየነው ግን ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ የሚንሳፈፍ ዓሣ ነው። ትልቁም ጣት የማታክለውም። ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ ነዝተው ነበር። የሚፈልጉትን ለቀሙ፣ የተረፈው ተንሳፎ ሄደ።

አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ማን ነው የሚከለክላቸው?» አለችኝ። እኔም «ሕግ አለ» አልኳት።

ነበረም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችኝ ግን ስለ አዋጁ አልነበረም። «ማን» ነው ያለችኝ። የትኛው ሰው፣ በየትኛው ጀልባ፣ በየትኛው ሌሊት? እኔ በነበርኩበት ዘመን ጉማራ አፍ ላይ መረብ የሚለካ ሰው አንድ ቀን አላየሁም። አዋጅ ወረቀት ላይ እንዳለ አይዋኝም። በ1991 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) መካከል የጣና ቢልጫ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለመውለድ በሚወጣበት የወንዝ አፍ ላይ መረብ ስለሚጠብቀው ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፤ የጣና ልጅ ደግሞ ዓሣ እየጠማው ነው።

ጉማራ አፍ ላይ መረቡን የጣለውን ገበሬ ግን ከእኛ ጋር አላስተካክለውም። እሱ ልጁ ርቦት ነው፣ አማራጭ አልሰጡትም። እኛ ኩለር፣ መኪና፣ ደመወዝ፣ ሱፐርማርኬት እያለን ነው «ሰውዬው ሄዷል» የምንለው።

ሌላም ነገር ልጨምር፣ ቅር የሚለው ቅር ይበለው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ። ግን አስተውላችኋል? ዐቢይ ጾም የሚውለው ሮክፊሽ ፖቶማክ ላይ ለመውለድ በሚወጣበት ሰሞን ነው። ፍልሰታም የሚገባው ቢልጫ ወደ ጉማራ በሚወጣበት ክረምት ነው። ሁለቱም ጾሞቻችን ዓሣው ምጥ ላይ ይደርሳሉ። ነፍሳችንን ልናነጻ ከሥጋ ተከልክለን፣ በድብቅ፣ ሕግ ጥሰን፣ የምታምጥ እናት አውጥተን ብንበላ ጾሙ ምኑ ላይ ነው? ገበያ ሄዳችሁ ግዙ፣ ወይም ሽሮ ብሉ።

ስለዚህ ለምትወዱኝም ለማትወዱኝም፦ ፈቃድ አውጡ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው። ኩለራችሁ ውስጥ ሜትር ይኑር። ስሙን የማታውቁትን ዓሣ ወደ ውኃው መልሱ። ሰውዬው ሲመጣ ዘንጋችሁን አስቀምጡ፣ እጃችሁ ይታይ፣ ሰላም በሉት፣ የያዛችሁትን አሳዩት። ዓሣ አትደብቁ። እንደ እኔም «ኖ ኢንግሊሽ» አትበሉ፤ አሁን ስልኩ አማርኛ ያውቃል። ያልገባችሁን ጠይቁት፣ ብዙዎቹ ማስረዳት ይወዳሉ።

በ1868 (እ.ኤ.አ.) እነዚህ ሰዎች ኦይስተር የሚሉት ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በሌቦች ሲያልቅባቸው የውኃ ፖሊስ አቋቋሙ። የዛሬው የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ ከዚያ የመጣ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ሰው በሌሊት ብርድ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ለዚያች ተማሪዬ መልሱ ይኼ ነው። አንቺ ልጅ፣ ይኼን የምታነቢ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ያልመለስኩልሽ «ማን» እዚህ አገር ቲኬት የጻፈብኝ ሰው ነው። ጉማራ ላይ እንዲቆም የምመኘው እሱን ነው፤ ጀልባና ደመወዝ ያለው፣ ሜትር የያዘ፣ አስተርጓሚ ሳይፈልግ በአማርኛ «እንቁላል ተሸክማለች» የሚል።

ግሩፑ ላይ ይኼንኑ ባጭሩ ጻፍኩ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አስወጡኝ። ይሁን።

ከፋሲካ በኋላ ስኔክሄድ ለማውጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፈቃድ ያለው ብቻ። ሜትር እኔ አመጣለሁ።