ዲኤክሱን አውቶማቲክ ማድረግ፦ ለጉልበት ነው ለቤንዚን?

አባዬ ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከመካኒሳ ጀሞ ለመግባት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ያው የምታውቁት ነው። መኪናዋ ግቢ ገብታ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አልወረደም። ምን ሆነ ብዬ ስወጣ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ውጭ እያወጣው ነበር። ጉልበቱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ አንደኛ ማስገባት፣ ሁለት ሜትር መሄድ፣ ደግሞ መቆም፤ ይሄንን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ነው የመጣው።

መኪናችን ዲኤክስ ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሠራት የኮሮላ ትውልድ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ባለ 4 ማርሽ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። እኛ አሮጌ የቤት መኪና እንላታለን፤ ውጭ አገር ግን ወጣቶች ድሪፍት የሚያደርጉባት ክላሲክ ናት፤ ምክንያቱም የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው። «ኢኒሻል ዲ» የሚለውን አኒሜ ያያችሁ የምታውቋት ኤኢ86 ከእሷ ቀጥላ የመጣች ዘመዷ ናት። ይሄን ለአባዬ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሸጣችሁ አውቶማቲክ ግዙ» የሚል ምክር በየቀኑ እንሰማለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ታክስ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አቅርቦት ሲቆም ያለው ዕቃ ይወደዳል፤ ለዚህ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። የቪትስ ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆናል። ኤሌክትሪኩስ? ጥሩ ነው፤ ግን ዲኤክስ ተሽጦ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛበት ሒሳብ እኔ ጋ የለም።

ስለዚህ ጎፋ አካባቢ ያለው መካኒካችን ያመጣው ሐሳብ ማረከን። «ጋሼ፣ ካምቢዮውን አውቶማቲክ እናድርግልዎት። ኦቨርድራይቭ ያለው፣ ባለ 4። እግርዎም ያርፋል፣ ቤንዚንም ይቀንስልዎታል» አለ። አባዬ ወዲያው ተስማማ። እኔ በመጀመሪያው ተስማማሁ፤ «ቤንዚን ይቀንሳል» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ኦቨርድራይቭ ምን እንደሆነ እንይ። በእኛ ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግም አንድ ጊዜ ይዞራል። ኦቨርድራይቭ ማለት ዘንጉ ከሞተሩ በላይ የሚዞርበት ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ቶዮታ የነዳችሁ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለዋን መብራት ታውቋታላችሁ፤ እሱው ነው። በእነዚያ ዘመን ቶዮታዎች ቁጥሩ 0.69 ገደማ ነው።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። የዲኤክስ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.75 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,667 ሜትር ነው፤ ጎማው 950 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ በ3.9 ያባዛዋል፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,700 ዙር ይሆናል። ኦቨርድራይቭ ሲገባ ወደ 2,550 ይወርዳል። ጆሮ ያርፋል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። እስከዚህ መካኒኩ ልክ ነው።

ግን 100 የምንነዳው የት ነው? የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ። አውቶማቲኩ አራተኛውን የሚያስገባው መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ነው፤ ከጀሞ መካኒሳ ጠዋት ጠዋት ያንን ፍጥነት ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። እንበል በወር አንዴ አዳማ ደርሰን እንመለሳለን፤ 160 ኪሎ ሜትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር። ኦቨርድራይቩ ከዚያ 10 በመቶ ቢቆጥብ 1.3 ሊትር አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ይገለበጣል። አሮጌ አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም፤ በዘይት ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ማራገቢያ መሳይ ነገሮች ናቸው ኃይሉን የሚያስተላልፉት፤ ቶርክ ኮንቨርተር ይሉታል። አንዱ ሌላውን በዘይት እየገፋ ስለሚያዞር ሁልጊዜ የሚንሸራተት አለ፤ የሚንሸራተተው ደግሞ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ ቤንዚን ነው። በወር 600 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ብንነዳ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ብትጠጣ፣ 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር 6 ሊትር ነው። 1.3 አትርፈን 6 እንከፍላለን ማለት ነው። ቁጥሮቹን እንደየመኪናችሁ ቀይሯቸው፤ ሚዛኑ ወደዚያው ነው የሚያጋድለው።

ሌላው ነገር ከፍታ ነው። ዲኤክሷ ፋብሪካ ስትወጣ 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ኃይሉን እዚሁ ያጣል። በዚህ ላይ ከአዳማ ስትመለሱ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ደካማ ሞተር ረጅም ማርሽ ሲሰጡት ዳገት ላይ አራተኛ ያስገባል፣ ያቅተዋል፣ ሦስተኛ ይመለሳል፣ ደግሞ አራተኛ። በየጊዜው ዘይቱ ይግላል። አውቶማቲክ ካምቢዮን የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። መካኒኩ ያገኘው ከአሮጌ ሃይሉክስ የወረደ ካምቢዮ ነው፤ ኤ43ዲ። ጠንካራ ነው፤ የ2.4 ሊትር ሞተር ኃይል እንዲሸከም ነው የተሠራው። ለ1.3 ግን ከባድ ነው፤ ራሱን ለማዞር የሚበላው ኃይል ከእኛ ሞተር ላይ ይጎድላል። ሁለተኛው ምርጫ ኤ42ዲኤል ነው፤ ባለ 1.6ቷ ኤኢ86 ላይ የነበረው። ከእነዚህ ፊደላት «ዲ» ኦቨርድራይቭ፣ «ኤል» ደግሞ ሎክአፕ ነው፤ ፍጥነት ሲይዝ ቶርክ ኮንቨርተሩን ቆልፎ መንሸራተቱን ያስቀራል። ኦቨርድራይቭ የግድ ካላችሁ «ኤል» የሌለበትን አትንኩ።

«ሶማሌ ተራ የቪትስ ካምቢዮ ሞልቶ የለ እንዴ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። የቪትስ ሞተር በአግድም ነው የተቀመጠው፤ የሚነዳውም የፊት ጎማ ነው። እኛ ጋ አይሠራም።

ሁለቱም ካምቢዮዎች ከእኛ ሞተር ጋር በቀጥታ አይገጥሙም። ወይ ቶርኖ ቤት ገብቶ ማጋጠሚያ ይሠራል፣ ወይ ሞተሩም አብሮ ይቀየራል። ሞተር ከተቀየረ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ሆነ ማለት ነው፤ ለቦሎ ስትሄዱ ወረቀቱ ካልተስተካከለ ትመለሳላችሁ። ዘንጉ ይቆረጣል። የማኑዋል ራዲያተር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ስለሌለው ለብቻው ይገዛል፤ «ቆይቶ ይደረጋል» የሚባለው እሱ ነው፣ መቆየት የሌለበትም እሱ ነው። ከካርቡራተሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ገመድ ደግሞ አለች። እሷ ከላላች የዘይቱ ግፊት ስለሚያንስ ውስጡ ያሉት ሸራዎች ተንሸራተው ይቃጠላሉ። ብዙ ሰው «ካምቢዮው አሮጌ ነበር» የሚለው ገመዷ ሳትስተካከል ቀርታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይሄን ሁሉ ስደምር ለእኛ መልሱ ኦቨርድራይቩን መተው ሆነ። ቶዮታ ራሱ ለዚችው መኪና፣ ከዚሁ ሞተር ጋር፣ ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ሠርቶ ነበር። ኦቨርድራይቭ የለውም፤ ግን ከሞተሩ ጋር ይገጥማል። ቶርኖ የለ፣ ሊብሬ ማስተካከል የለ። አዳማ መንገድ ላይ ሞተሩ በ3,700 ይጮሃል፤ አሁንስ ምን እያደረገ ነው? ጀሞ ላይ ግን ግራ እግር ያርፋል፤ የተነሳነው ለሱ ነበር። ማቀዝቀዣው ግን ለዚህም የግድ ነው።

ጉልበታችሁ ደህና የሆነ፣ ዲኤክስ ወይ ሌላ የዚያ ዘመን መኪና እያሳመራችሁ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ አውቶማቲኩን እርሱት። የዚሁ ሞተር ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል አለ፤ አምስተኛው 0.86 ገደማ ነው። እሱም ኦቨርድራይቭ ነው፤ በ100 ሞተሩን ወደ 3,200 ያወርደዋል፤ በእኛ ከፍታ ለዚህ ሞተር የሚመጥነውም እሱ ይመስለኛል። ዘይት የሚያግል ኮንቨርተር የለ፣ የሚቃጠል ሸራ የለ።

ለጊዜው መካኒኩ የፍሪሲዮን ገመዱን ቀየረው፤ አሮጌው ደርቆ ስለነበር ፔዳሉ ቀሎታል። መጀመሪያ ይሄን ባለማየታችን አፍሬያለሁ። ጉልበቱን ግን አላዳነውም፤ አባዬ ወደ መካኒሳ የሚሄደው አሁንም ሰው ሳይነሳ ነው። ባለ 3ቱን ካምቢዮ እየፈለግን ነው፤ አንድ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ውዬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። መካኒኩ በየሳምንቱ እየደወለ «የሃይሉክሱ እኮ እጄ ላይ ነው» ይለኛል።