የጎጃም ገበሬ በምን ይሞታል?

«ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት፣ አንዱን ግባ በሉት አለ» ይላል ያገሬ ሰው። የእኛ አስተዳደር ግን ከዘጠኙ መካከል የገባው የትኛው እንደ ሆነ እንኳ የመጠየቅ ልማድ የለውም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

ነቀርሳ፣ ማለትም ካንሰር፣ የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር ሰዷል። ገበሬው ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፣ ያመረተውን ይበላል፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ ይውላል፤ ስለዚህ ካንሰር አይቀርበውም ይባላል። እንግዲያስ በአዴት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚኖረው ወንድ በካንሰር የመሞት ዕድሉ ከአዲስ አበባው ወንድ ያነሰ ነው ወይስ የበለጠ? የዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የለም። መልሱ የጠፋው ደግሞ ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ አይደለም፤ የገጠሩ ሰው ሞት ስለማይመዘገብ ነው።

የሞት ምጣኔ ለማውጣት ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው በበሽታው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው እነርሱ የወጡበት ሕዝብ ብዛት ነው፣ በጾታና በዕድሜ ተለይቶ። ካንሰር በዕድሜ የሚበረታ በሽታ በመሆኑ ሽማግሌ የበዛበትንና ወጣት የበዛበትን አካባቢ ዕድሜን ሳያስተካክሉ ማነጻጸር አሳሳች ነው። ለጎጃም ሁለቱም ቁጥሮች የሉንም።

ከሕዝቡ ቁጥር ልጀምር። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ በፓርላማ ጭምር ያስነሣው ክርክር ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ከተላለፈ በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ፤ እስካሁንም አልተካሄደም። በአዴት ዙሪያ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ስንት ወንዶች እንዳሉ የምናውቀው በግምት ላይ በተሠራ ግምት ነው።

የሟቾቹ ቁጥር ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በቁጥር 3361 ላይ፣ ድንጋጌዎቹ ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ ትእዛዙ ግን አልወጣም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ከተጠበቀ በኋላ ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

አዋጁ ሞት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ነገር ግን ሰው የሚመዘገበው ሲጠቅመው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ልጅን ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ፓስፖርት ያስወጣል። የሞት ምስክር ወረቀት የጡረታ አበል ለሚወርሰው የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ይጠቅማል። የጡረታ አበል የሌለው ገበሬ ሲሞት ግን ቤተሰቡ በሐዘኑና በተዝካሩ መካከል ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሮጥበት ምን ምክንያት አለው? ቢሄድስ፣ ቤቱ የሞተን ሰው የሞት ምክንያት ማን ያረጋግጥለታል? የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሐኪም አይደለም።

«እንዲያ ከሆነ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገሩት የካንሰር ቁጥሮች ከየት መጡ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መላ የከተማውን ነዋሪ መሠረት ያደረገው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዋናነት በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርተው አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ 21,563 ወንዶችና 42,722 ሴቶች አዲስ በካንሰር እንደሚያዙ ገመቱ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል። ግምቶቹ በቅን ልቡና በባለሙያዎች የተሠሩ ናቸው፤ ባለው መረጃ ከዚህ የተሻለ መሥራትም አይቻልም ነበር። ዳሩ ግን የይልማና ዴንሳ ገበሬ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ያለው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሰው ተመስሎ ነው። በአገር ደረጃ የተሠራ ግምት በክፍለ ሀገራት መካከል ያለውን ልዩነት ሊነግረን አይችልም፤ ሲሠራ ገና ልዩነቱን ጨፍልቆት ነውና።

አዲስ አበባ ሌላም ዕድል አላት። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸመውን ቀብር እየመዘገቡ፣ የሟቾችን ቤተሰቦች እየጠየቁ የሞትን ምክንያት ሲያጠኑ ቆይተዋል። በክልላችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ተመሳሳይ ክትትል ያካሂዳል። አዴት፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ግን ይህ አልደረሳቸውም።

አሁን የታማሚውን መንገድ እንከተል። የገጠር ወንድ ሕመሙን ቶሎ አይናገርም። እርሻው፣ አጨዳው፣ ውቂያው እስኪያልፍ ይታገሣል። ከዚያ ጠበል አለ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ከበረታበት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይላካል። የጨረር ሕክምና ካስፈለገው፣ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በመላ አገሪቱ የነበረው ማዕከል የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከአዴት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያም ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። ለጉዞው በሬ ይሸጣል። በሬ የሌለው አይሄድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል፤ በሬውን የሸጠውም መንገድ ላይ የቀረበት ጊዜ አለ።

ያልሄደው ሰው ቤቱ ይሞታል። ጎረቤት «ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሞተ» ይላል፤ ወይም «የወፍ በሽታ ገደለው»፤ ወይም «እህል አልወርድ ብሎት»፤ ወይም «ሽንት ከልክሎት»። ከእነዚህ ቃላት በስተጀርባ የጉበት፣ የጉሮሮ ቧንቧ ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ሊኖር ይችላል፤ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ሥርዓተ ቀብሩ ይፈጸማል፣ እድርተኛው ይበተናል። በመንግሥት ሰነድ ላይ ግን ይህ ሰው በካንሰር አልሞተም። እንግዲህ «በገጠር ካንሰር ጥቂት ነው» ስንል የምንለካው በሽታውን ሳይሆን ከሆስፒታሉ ያለውን ርቀት ነው።

ይህን ነገር ሕንድ አስቀድማ አይታዋለች። እዚያም ካንሰር የከተማ በሽታ ይመስል ነበር፤ የካንሰር መዝገቦቹ በብዛት የነበሩት በከተሞች ነውና። የሕንድ መንግሥት ሕዝቡን ሁሉ ለመመዝገብ አቅም ስላልነበረው ናሙና ሰፈሮችንና መንደሮችን መረጠ፤ ሠራተኞቹም ቤት ለቤት እየሄዱ የሟቾችን ቤተሰቦች ስለ ሕመሙ አጀማመርና አካሄድ ጠየቁ፤ ቃሉንም ሐኪሞች መርምረው የሞቱን ምክንያት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ወንዶች መካከል በካንሰር የሚሞቱት ከ100 ሺህ በገጠር 95.6፣ በከተማ 102.4 መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። በክፍለ ግዛቶች መካከል ግን ሰፊ ልዩነት ተገኘ።

ቻይናም ዛሬ ካለችበት ብልጽግና በፊት፣ በድህነቷ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1975 የሞቱትን ሰዎች በየመንደሩ እየጠየቀች ከ800 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚሸፍን የካንሰር ሞት ካርታ ሠርታለች። ካርታው በወረዳና በወረዳ መካከል እጅግ የሰፋ ልዩነት አወጣ። የጉበት ካንሰር ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ቺዶንግ የተባለው አውራጃ ነበር። ምርምሩ ሁለት ምክንያቶችን አመለከተ፤ የጉበት ብግነት ቫይረስ ቢ እና በእርጥብ በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡ ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲዞር የጉበት ካንሰር ሞት መቀነስ ጀመረ፤ ይህም የተከተበው ትውልድ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ነው።

በቆሎ ሲባል ጆሮው ቀጥ የማይል የቡሬ ሰው ይኖራል? ቡሬና ዙሪያዋ የበቆሎ አገር ናት። በጎተራ እርጥብ ሆኖ የገባ በቆሎ ይሻግታል። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ደግሞ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሃያ ዓመት ያለፈው ገበሬ በሕፃንነቱ አልተከተበም። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው እንደሚባዛ የታወቀ ነው። ይህን ስል ግን «ጎጃም በጉበት ካንሰር አለቀ» ማለቴ አይደለም፤ በቆሎ ትተን የፎገራን ሩዝ እንብላ ማለቴም አይደለም። የምለው ጥርጣሬ የሚያስነሣ በቂ ምክንያት ያለበት ስፍራ ነው፤ ተጠርጥሮም ሊመረመር ይገባዋል ነው። ለአርሲና ለባሌ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት አገር መሆናቸው የታወቀው፣ ሐኪሞች «ይህ ሁሉ ታማሚ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው የመጡበትን ስፍራ ስለ ቆጠሩ ነው። የማይመጣውን ግን ሐኪም ሊቆጥረው አይችልም።

አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። በዚያ ማዕከል ከ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ጀምሮ የስንዴው፣ የጤፉ፣ የድንቹ ዝርያ እየተሞከረ፣ በየትኛው አፈር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ዋግ እንደሚመታ ሲመዘገብ ኖሯል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ስንዴው በምን እንደ ሞተ የሚመዘግብ መንግሥት፣ ስንዴውን የዘራው ሰው በምን እንደ ሞተ ለመመዝገብ አቅም አጣሁ ቢል ግን ማን ያምነዋል? የገበሬው መሬት በሄክታር፣ ግብሩ በብር፣ የማዳበሪያ ዕዳው በኩንታል ተቆጥሮ ይታወቃል። ሕያው ሳለም በፋይዳ ቁጥር እንዲመዘገብ ይጠየቃል። ሲሞት ብቻ ነው መዝገቡ የሚዘጋበት።

ውጤቱ በበጀት ላይ ይታያል። የሕክምና መሣሪያ፣ የካንሰር ሐኪም፣ የምርመራ ክፍል የሚመደበው በቁጥር ተደግፎ ለቀረበ ጥያቄ ነው። የሴቶችን ነገር ተመልከቱ፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ጉዳት በቁጥር ስለ ታወቀ ቅድመ ምርመራ ተጀመረ፣ ለልጃገረዶችም በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ጀመረ። ደግ ተሠራ፤ ይስፋፋም። የገጠሩ ወንድ ግን ጥያቄ የሚያቀርብበት ቁጥር ስለሌለው ጥያቄም የለውም።

ምን ይደረግ? በእኔ እምነት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ በይልማና ዴንሳ፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ጥቂት ናሙና ቀበሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱ ሞት ይመዝገብ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጠይቅ የሟቹን ቤተሰብ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ እድርና ቤተ ክርስቲያን የምዝገባው አካል ይሁኑ። ከፍትሐትና ከእድር ውጭ የሚቀበር ሰው እምብዛም ስለሌለ፣ መንግሥት ያጣውን የሟች ስም እነርሱ ዘንድ ያገኘዋል። ሦስተኛው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ጽሑፍ በየዓመቱ የሚልኩትን መጠይቅ ግማሹን እንኳ ለዚህ ቢያውሉት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ከሚያንቀላፋ ጥራዝ ይልቅ ወረዳ ከወረዳ የሚያነጻጽር መዝገብ ይኖረን ነበር።

«ቤተሰብ በመጠየቅ ካንሰርን ከሌላ በሽታ መለየት ያስቸግራል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የጉበት ካንሰርን ከሌላ የጉበት ሕመም በቃል ብቻ መለየት ያዳግታል። ነገር ግን ጥያቄው ፍጹም መረጃ ማግኘት አይደለም፤ በአንድ ወረዳ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ የሚሞቱ ጎልማሶች ከሌላው ወረዳ በእጥፍ መብዛታቸውን ማወቅ ነው። ያ ከታወቀ ማሽኑና ሐኪሙ የት መሄድ እንዳለባቸው ይታወቃል። «መድኃኒት ሳይኖር ቆጠራው ምን ያደርጋል?» ለሚሉም፣ በቆሎን አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥና ሕፃናትን መከተብ መድኃኒት ከመግዛት እንደሚረክስ ላስታውስ።

ጦርነት ባለበት ይህን ማንሣት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢም ይኖራል። በጥይት የሞተው እንኳ በአግባቡ ባልተቆጠረበት አገር ስለ ካንሰር ምን ያስጨንቃል ሊል ይችላል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። የዜጋውን ሞት መቁጠር የለመደ መንግሥት በጥይት የሞተውንም ለመደበቅ ይቸግረዋል። ያልለመደ ግን ሁለቱንም በአንድ ዝምታ ይቀብራቸዋል።

ቸር ያሰማን።