የተቆለፈው ቡፌ

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈራችን ውስጥ «ልዋጭ! አሮጌ ልብስ፣ አሮጌ ጫማ፣ ልዋጭ!» ሲል የሰማሁትን ልጅ ጠርቼ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ አስረከብኩት። ክዳን የሌለው ፔርሙስ አለ፣ የልጆቼ የትምህርት ቤት ሹራብ አለ፣ ለምን እንደገዛኋቸው የማላስታውሳቸው ሦስት ቦርሳዎችም አሉ። ልጁ በለውጡ አዲስ ሳፋ ዘረጋልኝ። አልፈልግም አልኩት። «እትዬ፣ በነፃማ አልወስድም» ብሎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ቤቴ ውስጥ አራት ሳፋ አለ፤ አምስተኛውን ከተቀበልኩማ ምኑን ቀነስኩት?

ከቤት ዕቃ ሁሉ ግን ቂም ያለኝ በቡፌ ላይ ነው። አምና ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። የእድሩ ዕቃ እስኪደርስ ብርጭቆ ጠፋና ልጃቸው ቁልፍ ፈልጋ ቡፌውን ከፈተች። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ፣ አቧራ የለበሱ ብርጭቆዎች ወጡ። እኔ ነበርኩ ያጠብኳቸው። ከሥራቸው የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው፤ በጥፍሬ ብፍቀው ሙጫው አልለቅ አለኝ። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን በዚያ ብርጭቆ ውኃ አልጠጣንም፤ እሳቸውም አልጠጡበትም። ለእንግዳ ነው ይሉ ነበር። የመጣው እንግዳ ለቀስተኛ ሆነ።

«ዛሬ ካልገዛሽው ነገ ይጨምራል» የሚሉኝ አሉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፤ ፍርሃቱም ይገባኛል፣ እኔም ፈርቼ ገዝቻለሁ። ግን ጤፍና ዘይት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። የፕላስቲክ አበባና ሁለተኛ የብርጭቆ ስብስብ ጓዳ አጣበበ እንጂ ማንን ከኑሮ ውድነት አዳነ?

ጎረቤቴ ግቢ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን የሚሠሩ አራት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ቀኑን ሙሉ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ልብስ ሲሰፉ ውለው ይገባሉ። የራሳቸው ልብስ ግድግዳው ላይ በተወጠረች አንዲት ገመድ ያልቃል። ምድጃው አንድ፣ ድስቱ አንድ፣ ምጣዱ ከአከራያቸው የሚዋሱት ነው። ማጣትን ማሞገሴ አይደለም፤ ደመወዛቸው ቢጨመርላቸው እኔ ነኝ እልል የምለው። ያቺን አንዲት ድስት ተራ ገብተው ሲጠቀሙባት ሳይ ግን የገዛ ጓዳዬ ትዝ ይለኛል።

ደግሞ ዕቃን በጋራ መጠቀም ለእኛ አዲስ አይደለም። እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ መቶ ሰው የሚያበላ ድስትና ሳህን አለው። በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ነገር አንድም ቤት ድንኳን አልገዛም፤ አንድም ሰው ያለ ድንኳን አልተቀበረም። ለሐዘን ይህን ያህል ካወቅንበት፣ ግድግዳ መብሻው፣ መሰላሉ፣ የድግሱ ትልቅ ብረት ድስት በየቤቱ ዝገት የሚበላው ለምንድን ነው? መሰላል ብቻ በእኛ መንገድ ላይ ስድስት ቆጥሬአለሁ። የሁሉም ሥራ አምፖል መቀየር ነው።

የፊታችን እሁድ የእድር ስብሰባ አለን። እነዚህም ዕቃዎች በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጡ የሚል ሐሳብ አነሳለሁ፤ የእኔን መሰላል ግን ዛሬውኑ ለዕቃ ቤት ኃላፊው ወስጄ አስመዘግባለሁ። ሳፋውን ልጁ አጥር ሥር ጥሎልኝ ሄዷል፤ እሱንም አብሬ እወስደዋለሁ።