ቡራዩ ደግሞ ምን ሙቀት አለ? (መጋረጃችሁን ወደ ውጭ አውጡት!)



"ዶክተር፣ ቡራዩ ደግሞ ምን ሙቀት አለና ነው?" ያለችኝ አንዲት እናት ናት። የሰባት ወር ልጇ አንገቱና ደረቱ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቶበታል፤ ከሰዓት በኋላ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍም የለውም። ትኩሳት ስለካው የለውም። አለርጂ መስሏት ሁለት ዓይነት ቅባት ሞክራለች። "የሚተኛበት ክፍል መስኮቱ በየት በኩል ነው?" ስላት ግራ ገባት። ለካ ሰፊ መስታወት ነው፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ይገባበታል። ልጁን ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ተጋርዷል፣ እሱም በጋቢ ተጠቅልሏል።

የሙቀት ሽፍታ ነበር።

እስኪ በግልጽ እንነጋገር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። አየራቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ልክ ናችሁ። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፀሐዩ ይከራል። ጥላ ሥር ቆማችሁ ይበርዳችኋል፣ አንድ እርምጃ ወጣ ስትሉ ያቃጥላችኋል። ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ እኛን የሚያሞቀን አየሩ ሳይሆን ቤታችን ነው። መፍትሔውም ኤሲ አይደለም፣ ከመስኮት ውጭ የሚሰቀል ጥላ ነው።

"መጋረጃ አለኝ እኮ" ትሉ ይሆናል። የውስጥ መጋረጃ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ሙቀቱን ብዙም አያስቀርም። ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃው ራሱ ይግላል፣ ሙቀቱንም መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ሌባውን ሳሎን አስገብቶ በር እንደመዝጋት ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ከውጭ የሚሠራ የመስኮት ጥላ በምዕራብ መስኮት የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት በበጋ እስከ 77 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ይህን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። የሣር ጎጆ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ይወርዳል። የድሮ የአዲስ አበባ ቤቶች ሰፊ በረንዳና የእንጨት መዝጊያ ያለው መስኮት ነበራቸው። እኛ በረንዳውን ቆርጠን በምትኩ መስታወት አስገባን። ያምራል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ሙቀት የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾምም በአብዛኛው በዚሁ ሰሞን ነው፣ በቅርብ ዓመታት ረመዳንም እንዲሁ። ለግፊት ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን የሚወስዱ አባት፣ ውሃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ሲነሱ ሊያዞራቸው፣ ሊወድቁም ይችላሉ። (መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ከጾም በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።) ፍሪጅ የሌለው የስኳር ታማሚ ኢንሱሊኑን መስኮት ሥር ካስቀመጠ ደግሞ መድኃኒቱ ይበላሻል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ፀሐይን ሽሽት መስኮት ስንዘጋ አየሩ ይታፈናል፣ ቲቢና ጉንፋን በቀላሉ ይተላለፋል። ጥላው ከውጭ ከሆነ ግን መስኮቱን ከፍታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

👉 ከምዕራብ መስኮት ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚገባ ከላይ የወጣ አጭር ክፈፍ አይበቃም። ከፊት ለፊት የሚወርድ ነገር ያስፈልጋል።

👉 ውድ መሆን የለበትም። ነጣ ያለ ሸራ፣ ሰሌን፣ የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ምንጣፍ ይሆናል። ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ሙቀቱ በመሐል እንዲወጣ። ለነፋስ በደንብ እሰሩት።

👉 ግቢ ካላችሁ ፓሽን ወይም ወይን በሽቦ ላይ አሳድጉ።

👉 የሚጠቀለል አድርጉት። በኅዳርና ታኅሣሥ የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አይደለም፣ ያኔ ፀሐዩን ትፈልጉታላችሁ። የጠዋቱን የምሥራቅ ፀሐይ ደግሞ አትከልክሉት።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ በገመድ ስቀሉት፣ ስትወጡ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። አዲስ ቤት የምትሠሩ ግን ለናንተ ጠንከር ያለ ቃል አለኝ። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በየቀኑ እየተገነቡ ነው። ፕላን ስታሠሩ መሐንዲሳችሁን "ከሰዓት ፀሐይ በየት ይገባል?" ብላችሁ ጠይቁ። ለመስታወት ከምታወጡት ትንሽ ቀንሳችሁ ለበረንዳ አድርጉት። ለጎረቤት የሚታየው መስታወቱ ነው፣ ውስጥ የሚተኛው ግን ልጃችሁ ነው።

⚠️ በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ በጣም ከጋለ በውሃ እያቀዘቀዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ልጁስ? ቅባቱን አስቆምኩ፣ ጋቢውን አስወለቅኩ፣ አባቱ ከመስኮቱ ውጭ ሸራ ሰቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ሽፍታው ጠፍቶ መጣ።

ዛሬ ከ9 ሰዓት በኋላ እጃችሁን መጋረጃችሁ ላይ አድርጉ። ከጋለ መልሱን አገኛችሁ። ሕፃን ወይም አዛውንት ላለበት ቤት ይህን አጋሩልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!