ከሐኪም ጋራ ቁልቁል፦ ፍሬንና ሙቀት
2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከሐኪም ጋራ ወደ ሐረር ሲወርድ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ፣ ከፍታው 100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር 2 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም በሚመዝኑ የብረት ዲስኮች ላይ ቢያርፍ፣ ሙቀታቸውን በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለሆነም የፈጣን መኪና ባለቤት፣ ያው ፋብሪካ ለከባዱ ሞዴል የሠራውን ትልቅ ዲስክ፣ የሚስማማው ከሆነ፣ ማስገጠሙን እደግፋለሁ፤ ብዙ ብረት ብዙ ሙቀት ይሸከማልና። ይሁን እንጂ በድንገት ለመቆም ወሳኙ በጎማና በአስፋልት መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ጎማው ካለቀ ዲስኩ ጌጥ ነው። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ፣ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባው ለዚህ ርካሽ ዘይት ነው፤ ዲስኩ ከጎማው ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ከጉልበቱ ከፊሉን ሞተሩ ይወስዳል።