ሐራ ገበያ ባቡሯን እየጠበቀች ነው

ወገን፣ ሐራ ገበያን ታውቃታለህ? ወልዲያ አጠገብ ያለች ትንሽ የገበያ ቦታ ናት። «አዋሽ–ወልዲያ» እየተባለ ስንት ዜና የተሠራለት ሐዲድ ወልዲያ አይገባም፤ የሚቆመው እዚህች ነው። ስሙ ለወልዲያ፣ ጣቢያው ለሐራ፣ ባቡሩ ለማንም!

ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አዋሽ ላይ ተገንጥሎ በኮምቦልቻ በኩል የሚወጣ 392 ኪሎ ሜትር ቅርንጫፍ ነው። ያፒ መርከዚ የሚባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀመረው። ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው ከቱርክና ከአውሮፓ የተበደርነው። ሐራ ላይ ከመቀሌ የሚመጣው መስመር ሊገጥመው፣ ከዚያም በሰመራ አድርጎ ታጁራ ወደብ ሊወርድ ነበር እቅዱ። ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተነጠፈ። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ መብራቱ ግን አልደረሰለትም። እሱን ስንጠብቅ ጦርነቱ መጣ፣ መስመሩም ተጎዳ። እስካሁን መደበኛ አገልግሎት የለም።

ሥራው ሲጀመር እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዛሬ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሐዲዱም እንደኔው ነው፤ ጨርሷል ተብሎ ሥራ የለውም።

«ባቡር ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ ዳቦ» የምትለኝ ወንድሜ፣ ብድሩ እኮ ተወስዷል! ባቡሩ ቆመ ብሎ ወለድ የሚተው ባንክ የለም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ሐዲዱ ጎኑ ይደርሳል ተብሎ ነው። ዕቃው ግን ዛሬም ከጅቡቲ በሚሌ ዞሮ በከባድ መኪና ይመጣል። የናፍጣውን ሒሳብ ማን የሚከፍል ይመስልሃል? ሱቅ ሄደህ ዘይት ስትገዛ አንተ ነህ።

«መብራት ከሌለ ምን ይደረግ?» ለሚሉትም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በድርቁ ጊዜ የጅቡቲው አዲሱ መስመር መብራቱ ሳይገባለት በናፍጣ ባቡር እህል ጭኗል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ዛሬ የምታውቃትን ከተማ የወለዳት ያ ጣቢያ ነው። ኩባንያው ከስሮ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተሻኩተውበት እንኳ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት ኤክስካቫተር የለ፣ ጂፒኤስ የለ።

አንተ ደግሞ ኮሜንት ላይ «ማን አስጀመረው፣ ማን አስቆመው» እያልክ ትሰዳደባለህ። ሪባን የቆረጡትም ያስቆሙትም ይህን ጭቅጭቅህን ይወዱታል፤ አንተ እርስ በርስህ ስትባላ እነሱን የሚጠይቅ የለማ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ባቡር ፖስት በተደረገበት ባለሥልጣን ገጽ ሁሉ ሥር ግቡና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ መብራት የሚገባበት ቀን መቼ ነው? እስከዚያስ የናፍጣ ባቡር የማይሄደው ለምንድን ነው? ስድብ የለም፣ ብሔር የለም። ቀን ብቻ። «በቅርቡ» ካሏችሁ ስክሪንሹት አድርጋችሁ እዚህ ለጥፉት፤ ሼር!